ወገባችንና ሸክማችን

በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በቆቦና በራያ ቆላ የሚኖር ሰው ኑሮው በወገቡና በትከሻው ላይ የቆመ ነው። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ዕርፍ ይጨብጣል፤ ሰብሉ ሲበቅል ጎንበስ ብሎ ማሽላውንና ጤፉን ያርማል፤ እሸቱ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እየወነጨፈ ወፍ ይጠብቃል፤ በመከር ጊዜ ደግሞ አጎንብሶ ያጭዳል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ውሃና እንጨት ይሸከማሉ። ስለዚህ በአካባቢያችን «ወገቤን!» ሳይል ዓመቱን የሚፈጽም ጎልማሳ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ይህ ሕመም ከምን እንደሚመጣ፥ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያሽለው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

እኔም በባዮሎጂና በፊዚክስ ከተማርሁት፥ በንባብም ካገኘሁት ጥቂቱን ለውድ አንባቢያን ለማካፈል አስቤአለሁ። ይህን ነገር አጥብቆ የሚመረምረው ዕውቀት ፊዚዮቴራፒ ይባላል፤ ይኸውም የጡንቻን፥ የአጥንትንና የመጋጠሚያን ሕመም በእንቅስቃሴ፥ በአካል ልምምድ፥ በእጅና በምክር የሚያክም የሕክምና ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የሕመሙ ስፋት

የወገብ ሕመም የራያ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገምቷል፤ በ2050 ደግሞ ቍጥሩ 843 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል። ሰውን ሳይገድል ከሥራውና ከደስታው ከሚለዩ ደዌዎች መካከል ቀዳሚው ይኸው ነው። በ2007 የደቡብ አፍሪካዋ ተመራማሪ ኩዊኔት ሎው ከባልደረቦቿ ጋራ በአፍሪካ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስባ ስትመረምር፥ በአማካይ ከ100 ጎልማሶች 62ቱ፥ ከ100 ወጣቶችም 36ቱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ወገባቸውን እንደ ታመሙ አገኘች። እንግዲህ «የወገብ ሕመም የሽማግሌ ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም።

በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪዎች በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2018 ታትሟል። ከተጠየቁት ልጆች ከግማሽ የሚበልጡት የትከሻ፥ የአንገት፥ የወገብ ወይም የሌላ አካል ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል። ስለ መምህራን የወገብ ሕመምም በጎንደርና በመቀሌ ጥናት ተደርጓል፤ ስለዚህ መምህሮቻችን ጠመኔ እንደ ያዙ ወገባቸውን ደገፍ ሲያደርጉ ብናይ አይግረመን።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በመጽሐፍ ቦርሳ ላይ ይጥላል። ነገር ግን በዚያው በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች 69 ጥናቶችን አገናዝበው፥ ቦርሳ የተማሪን ጀርባ እንደሚያሳምም የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። ይህ እንዴት ይሆናል? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የአከርካሪን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

አከርካሪ እንዴት ተሠራ?

አከርካሪያችን ከ33 አጥንቶች የተደረደረ ነው። 7ቱ በአንገት፥ 12ቱ በደረት ጀርባ፥ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ፤ የቀሩት 9ኙ በዳሌ መካከልና ከዚያ በታች እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ናቸው። በሚንቀሳቀሱት አጥንቶች መካከል ዲስክ የሚባል እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ። ውጭው ጠንካራ ጅማት፥ ውስጡ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው። በጎልማሳ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር የለም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡ ከአጎራባቹ አጥንት እየሰረገ ይደርሰዋል፤ ሸክም ሲያርፍበትና ሲነሣለትም ውሃው ይወጣል፥ ይገባል።

ይህን እያንዳንዳችን በቤታችን ልንፈትነው እንችላለን። ጧት ከመኝታ እንደ ተነሣን በግድግዳ ላይ ቁመታችንን ምልክት እናድርግ፤ ማታም ከመተኛታችን በፊት እንዲሁ እናድርግ። የማታው ምልክት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀን የወጣው ውሃ ሌሊት ስንጋደም ይመለሳል።

ሁለተኛው ነገር ስለ መፈንቅል በፊዚክስ የተማርነው ሕግ ነው። ወገብን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ከአከርካሪው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይርቃሉ እንበል። አንድ ሰው 20 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከወገቡ 40 ሳንቲ ሜትር አርቆ ቢያነሣ፥ 20 በ40 ሲባዛ 800 ነው፤ 800 ለ5 ሲካፈል 160 ይሆናል። ስለዚህ 20 ኪሎውን ለማንሣት ጡንቻዎቹ የ160 ኪሎ ያህል ጉልበት ማውጣት አለባቸው። ያንኑ ዕቃ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢይዘው ግን ጉልበቱ ወደ 80 ኪሎ ይወርዳል። ዕቃው አልቀለለም፤ የቀረው ርቀቱ ነው። በ1960ዎቹ ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሶን ቀጭን መርፌ በዲስክ ውስጥ አስገብቶ ግፊቱን በለካ ጊዜ፥ ግፊቱ ሰው ሲጋደም እንደሚያንስ፥ አጎንብሶ ዕቃ ሲይዝ ደግሞ እንደሚበረታ አሳይቷል።

መተኛት መድኃኒት ነውን?

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ወገብ እንደ ሸክላ የሚሰበር ነውና፥ የታመመ ሰው ይተኛ» ማለት ቀላል ነው። ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን እንዲህ ብለው ያዝዙ ነበር። ምርመራ ግን ይህን አስተሳሰብ ገለበጠው። በ1986 አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ 203 ሕመምተኞችን በሁለት ክፍል መድበው፥ አንዱን ወገን 2 ቀን፥ ሌላውን ወገን 7 ቀን እንዲተኛ አዘዙ። 2 ቀን እንዲተኙ የታዘዙት ከሥራ የቀሩባቸው ቀኖች በ45 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኙ። በ1995 ደግሞ በሄልሲንኪ ከተማ በ186 ሠራተኞች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ ከተኙትም ሆነ ልዩ የወገብ ልምምድ ከተሰጣቸው ይልቅ፥ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዘወትር ሥራቸውን የቀጠሉት ፈጥነው ተሻላቸው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተኛ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ መጋጠሚያ ይደርቃል፤ ሰውየውም መንቀሳቀስን እየፈራ ይሄዳል፤ ፍርሃቱ ሕመሙን ያበረታዋል።

ይህን በቤታችን አይቼዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ማሽላ ሲያርም ወገቡን ያዘው። ጎረቤት ሁሉ «እንዳትነቃነቅ» ስላለው አንድ ወር ያህል ተኛ። እርሻው ሰው አጥቶ እንዳይቀር ወንድሜ ከ9ኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ በሬዎቹን ጠመደ። በኋላ አንድ ሐኪም አባቴን መርምረው «አጥንትህ አልተሰበረም፤ ዛሬ እስከ በር፥ ነገ እስከ አጥር፥ ከነገ ወዲያ እስከ ጎረቤት ሂድ» አሉት። ሕመሙ በአንድ ቀን አልለቀቀውም፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወንድሜም በዓመቱ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሆኖም ጓደኞቹ አንድ ክፍል ቀድመውታል። እንግዲህ የአንድ ሰው የወገብ ሕመም የሌላውን ትምህርት ሊያሰናክል እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሌላም የሚያስፈራ ነገር አለ፤ እርሱም ፎቶ ነው። አንዳንድ ሰው ተነሥቶ «ዲስክህ አርጅቷል» ሲሉት ተስፋ ይቈርጣል። በ2015 የታተመ ጥናት ግን ምንም ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች ምስል አገናዝቦ፥ በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት ከ100 37ቱ፥ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 96ቱ ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ አግኝቷል። ስለዚህ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ራስ ሽበት ያለ የዕድሜ ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ፥ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ትምህርትንና የአካል ልምምድን ሲደግፍ፥ የወገብ መታጠቂያንና በገመድ መጎተትን አልደገፈም።

በአገራችን ይህ የእንቅስቃሴ ሕክምና እንግዳ አይደለም። በ1962 የተቋቋመው የቼሻየር ድርጅት በመናገሻ በፖልዮ የተጎዱ ልጆችን እንዲራመዱ ሲረዳ ኖሯል፤ በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግራቸው እንዳይሰንፍ አሠልጥኗል። ባለሙያዎቹን ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል።

የውሃ ሸክም

አሁን ወደ እኛ ወደ ሴት ተማሪዎች ልምጣ። የራያ ቆላ ፀሐዩ የበረታ፥ ዝናቡም የማይታመን አገር ነው። ምንም እንኳ በቆቦ ሜዳ የጕድጓድ ውሃ እየተሳበ ለመስኖ ቢውል፥ ለመጠጥ የሚሆነውን ከቦኖ ወይም ከምንጭ በጀርባዋ የምታመጣ ልጅ ዛሬም ብዙ ናት፤ እኔም አንዷ ነኝ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፥ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ልጅቱ 45 ኪሎ ብትመዝን፥ የሰውነቷን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸክም ነው። ይህ ከመጽሐፍ ቦርሳ ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

እንግሊዛዊቱ የፊዚዮቴራፒ ተመራማሪ ጆ-አን ጊር ይህን ነገር ለብዙ ዓመታት ተከታትላለች። በ2018 ከባልደረቦቿ ጋራ በደቡብ አፍሪካ፥ በጋናና በቬትናም ያደረገችው ጥናት፥ ውሃ ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች በእጃቸውና በላይኛው ጀርባቸው ላይ ሕመም እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። በሌላ በኩል በ1986 የታተመ ምርመራ፥ በራሳቸው ላይ መሸከም የለመዱ የኬንያ ሴቶች እስከ ሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ይዘው ሲሄዱ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጡ ገልጧል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ይህ ችሎታ በሴቶች ሁሉ ዘንድ እንደማይገኝ ቢያሳዩም፥ ልኩን ለማነጻጸር ይረዳናል፤ ለ45 ኪሎ ልጅ 20 በመቶ ማለት 9 ኪሎ ነው፤ ይኸውም ከጀሪካኑ ግማሽ እንኳ ያነሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የሰው አካል ለሸክምና ለሥራ የተፈጠረ መሆኑን ነው። የሚጎዳው ሥራው ሳይሆን ከልክ ማለፉ፥ ያለ ዕረፍት መደጋገሙና ለአንድ ሰው ብቻ መተዉ ነው።

ምን እናድርግ?

1ኛ፤ 20 ሊትሩን በአንድ ጊዜ ከመሸከም በ10 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። አህያ ወይም ጋሪ ያለው ቤተ ሰብ ሸክሙን ለእነርሱ ይስጥ።

2ኛ፤ ዕቃ ስናነሣ ወደ ሰውነታችን አስጠግተን እንያዝ፤ በሸክም ላይ ሳለን ወገባችንን በድንገት አናጣምም።

3ኛ፤ አራሚና አጫጅ በየጊዜው ቀና ብሎ ጥቂት ይራመድ፤ ተማሪና መምህርም በአንድ አቀማመጥ ብዙ ሰዓት አይቈይ።

4ኛ፤ ወገብ በድንገት ቢይዘን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አንተኛ፤ በሞቀ ጨርቅ እያሞቅን ቀስ በቀስ እንራመድ። የወጌሻ እጅ ጡንቻን ሊያፍታታ ይችላል፤ አንገትንና አከርካሪን በኃይል ማስጠምዘዝ ግን አደገኛ ነው።

5ኛ፤ ከወደቁ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም፥ የእግር መስነፍ፥ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፥ ሽንትን መቈጣጠር አለመቻል፥ ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት ካሉ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የሳምባ ነቀርሳ በሽታ አከርካሪን ሊይዝ ይችላልና፤ ጥሬ ወተት በመጠጣት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያስከትላል። እነዚህ በመራመድ አይድኑም፤ መድኃኒት ይፈልጋሉ።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ! ሴት ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀሪካኑ እርስዋን ብቻ አይጠብቃት። ወንድሞቻችን ሆይ! ዱላ በትከሻ ላይ አጋድሞ መሄድ የጕብዝና ምልክት ከሆነ፥ ውሃ መሸከም እንዴት ነውር ይሆናል? የዕርሻውን ሸክም ከአባቶቻችሁ ጋራ እንደምትካፈሉ፥ የቤቱንም ከእኅቶቻችሁ ጋራ ተካፈሉ። መምህሮቻችንም በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከሩጫና ከኳስ ጋራ አካልን የሚያጠነክር ልምምድ ቢያስተምሩን፥ በየቤታችን ለወላጆቻችን እናደርሰዋለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፥ የተካፈሉት ሸክም ወገብ አይሰብርም፤ ከትምህርት ቤትም ማንንም አያስቀርም።