ለጡረታ የሚገባ ሰውና የቢጫው ካርድ ጉዳይ

ሰው በጉልበቱ ዘመን እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰው አገር ቢሄድ፥ ጠጕሩ ሲሸብትና ጉልበቱ ሲደክም የተወለደበትን ሰፈር ማሰቡ አይቀርም። በአዳማ፥ በሞጆና በቢሾፍቱ፥ ወረድ ሲልም በመቂና በባቱ ተወልደው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የወጡት ሰዎች ዛሬ ለጡረታ ደርሰዋልና፥ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ሰሞን በአዳማ ጎዳና ላይ ባጃጅ አስቁመው ዋጋውን በዶላር እያሰሉ የሚገረሙ ሽማግሌዎችን ማየት የተለመደ ሆኗል። አብዛኞቹ ለጉብኝት የመጡ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ከተማይቱን በሌላ ዓይን ይመለከቷታል። የቤት ኪራይ ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃሉ፤ ሐኪም ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ እዚህ ለመቀመጥ ፈቃዱ እንዴት ነው?» ይላሉ።

ከእነዚህ አንዱ የእናቴ ወንድም ናቸው። በ1947 ዓ.ም. ናዝሬት ተወለዱ፤ በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካን አገር ገቡ፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ የአገሩንም ዜግነት ወሰዱ። ባለፈው ዓመት መጡና «ዕድሜዬን እዚሁ ልጨርስ ነው። አንተ ዩኒቨርሲቲ ተምረሃልና ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉኝ። የተማርሁት ሌላ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ዘመድ ይህን አይሰማምና ሕጉን ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

በሌላው ዓለም ለጡረተኛ ተብሎ የወጣ ልዩ ቪዛ ያላቸው አገሮች አሉ። ታይላንድ 50 ዓመት የሞላውን ሰው፥ 800 ሺህ ባት በባንክ አስቀምጦ ወይም በወር 65 ሺህ ባት ገቢ እንዳለው አስረድቶ እንዲቀመጥ ትፈቅዳለች። ፓናማም በወር 1,000 ዶላር የዕድሜ ልክ ጡረታ ያለውን ሰው ትቀበላለች። በእነዚህ አገሮች ይህን ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ጠበቆችና ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ባዕድ ሰው ቋንቋውንና ሥርዓቱን አያውቅምና እንጀራቸው አይጐድልም። ለኢትዮጵያ ተወላጅ የተበጀው መንገድ ግን በገንዘብ አይለካም። ሕጋችን ሽማግሌውን የሚጠይቀው የማን ልጅ እንደ ሆነ ነው። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ከባንክ ወረቀት ይልቅ የማን ልጅ መሆንን በወረቀት ማስረዳት ሊከብድ እንደሚችል በአጎቴ ጉዳይ አየሁ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋል። ስለዚህ አጎቴ በልባቸው የናዝሬት ልጅ ቢሆኑም፥ በሕግ ፊት የውጭ አገር ሰው ናቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ግን አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወጥቶ ነበር። ይኸው አዋጅ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፥ ወይም ከወላጆቹ፥ ከአያቶቹና ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የኤርትራ ዜግነት የያዘውን ግን አይጨምርም። ሕዝቡ ካርዱን ከቀለሙ የተነሣ ቢጫ ካርድ ይለዋል። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ቤት በስሙ ይይዛል፤ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብትም ሊቈጠር ይችላል። አይመርጥም፥ አይመረጥም፤ በመከላከያ፥ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በቋሚነት አይቀጠርም። ለአንድ ጡረተኛ ከዚህ የሚበልጥ ምን ያስፈልገዋል? ዜግነቱን ራሱን መልሶ ማግኘት የሚሻም ቢኖር፥ አገር ገብቶ ኑሮውን መሥርቶ፥ የውጭውን ዜግነት ትቶ ማመልከት ይችላል። አጎቴ ግን ልጆቻቸው በዚያ ስላሉ አሜሪካዊነታቸውን ለመተው አልፈለጉም።

ማመልከቻው በውጭ አገር ሳሉ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ፥ አገር ውስጥ ከሆኑም በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ዘንድ ይቀርባል። አጎቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከአዳማ አዲስ አበባ መመላለሱን ፈሩ። ደጅ መጥናት የወጣት ሥራ ነው በማለት በሰው በሰው አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አገኙ። ሰውዬው አነጋገሩ ለስላሳ፥ ቦርሳውም በወረቀት የተሞላ ነበር። «እርስዎ አርፈው ቡናዎን ይጠጡ» አላቸው። የዋጋውን ግማሽ አስቀድሞ ተቀበለ፤ የድሮዎቹን ዋና ወረቀቶችም ይዞ ሄደ። ሁለት ወር ያህል ስልክ በተደወለለት ቍጥር «ነገ ያልቃል» ሲል ቆይቶ፥ አንድ ቀን ፋይሉን መልሶ አመጣው። በአሜሪካኑ ፓስፖርት ላይ ያለው ሰውና በድሮው የኢትዮጵያ ወረቀት ላይ ያለው ሰው በስምም፥ በዕድሜም፥ በትውልድ ቦታም አልተገናኙም ነበር። ስለዚህ ልዩነት ማብራሪያ ተጠይቆ እንደ ነበር የሰማነው ያን ዕለት ነው። ሰውዬው መልሱን ስለማያውቅ፥ ጥያቄውንም ለባለቤቱ ስላላደረሰ፥ ወረቀቱ ያለ መልስ ተኝቶ ከረመ።

ይህ የአጎቴ ብቻ ዕድል አይደለምና ጥቂት ልዘርዝረው።

አስቀድሞ የስሙ ነገር አለ። እኛ በስማችንና በአባታችን ስም እንጠራለን፤ አያት የሚጠቀሰው ለመለየት ሲያስፈልግ ነው። ባሕር ማዶ ግን የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር ስላለ፥ አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም፥ ሌላው የአያትን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ይመዘግባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፀጋዬ የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ሌላው በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል። አጎቴ ከዚህም አልፈው፥ ተሳፋሪዎቻቸው ስማቸውን መጥራት ስለ ቸገራቸው ዜግነት ሲወስዱ በፍርድ ቤት አሳጥረውታል።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በካርቱም የስደተኞች ጽሕፈት ቤት «መቼ ተወለድህ?» ሲባሉ «በ1947» ብለው መለሱ። ጸሐፊው በኛ አቈጣጠር መሆኑን ሳያውቅ እንዳለ ጻፈው፤ አጎቴም በአንድ ብዕር ጭረት ስምንት ዓመት ያህል አረጁ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም፤ የልደታቸውን ሻማ በሐሰት ዓመት ሲያጠፉ የኖሩ ሰው ናቸውና።

ሦስተኛው የኛው አገር ሥራ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ስም የሌለው ከተማ ጥቂት ነው። አዳማ በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተብላ ኖራ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች፤ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተባለ፤ ዝዋይ ባቱ ሆነ። እኛ በልማድ ሁለቱንም እያፈራረቅን እንጠራለን፤ የባጃጅ ነጂውም ናዝሬት ብትለው አዳማ ብትለው ገንዘቡን ይቀበልሃል። ወረቀት ግን እንደ ሰው ልማድ የለውም። ናዝሬት የተወለደው ልጅና አዳማ ልኑር የሚለው ሽማግሌ አንድ መሆናቸውን ሰው ቆሞ ማስረዳት አለበት።

እንግዲህ ያለ ጉዳይ አስፈጻሚ ሥራውን እንደ ገና ጀመርነው። የአጎቴ ልጅ በሚኒያፖሊስ ቤት የነበረውን መሳቢያ ሁሉ ገልብጣ የዜግነት ምስክር ወረቀታቸውን አገኘች፤ በዚያ ወረቀት ላይ የቀድሞው ዜግነት ኢትዮጵያዊ መሆኑ ተጽፏል። ስማቸው የተለወጠበት የፍርድ ቤት ትእዛዝም አብሮ ተገኘ። እኛ ደግሞ አዳማ ላይ የተማሩበትን ትምህርት ቤት የድሮ ካርድ ከነፎቶግራፉ ከአክስቴ ሣጥን አወጣን። የዓመቱን ልዩነት የሚያስረዳ ማመልከቻ አጎቴ በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ አጻጻፋቸው እንደ ድሮ ትምህርት ቤት ልጅ የተስተካከለ ነበር። ይዘን አብረን ሄድን። ወንበር ላይ ተቀምጠው ብዙ ጠበቁ፤ በየመካከሉም ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። ተራቸው ደርሶ «ስምዎን ለምን ቀየሩ?» ተብለው ሲጠየቁ፥ ስለ ተሳፋሪዎቻቸው አጫወቱ። ያን መልስ ሊሰጥ የሚችል ጉዳይ አስፈጻሚ በከተማው አልነበረም።

ይህን ስል ጉዳይ አስፈጻሚ ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። በድሮ ዘመንም ነገረ ፈጅ ነበረ፤ ዛሬም ከፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ አልጠፋም። ወረፋ የሚይዝ፥ ቅጽ የሚሞላ፥ ማኅተም የጐደለበትን አይቶ የሚያስታውስ ታማኝ ሰው ለደካማ ሽማግሌ ዋጋው ይገባዋል። እኔ የምፈራው ዋናው ወረቀትና ውክልናው ነው። ቅጂ መስጠት በሚበቃበት ቦታ ዋናውን ማስረከብ ምን ይባላል? ውክልናም ቢሰጥ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተብሎ በልኩ መጻፍ አለበት። ከውጭ የሚላክ ውክልና በኤምባሲ ተረጋግጦ፥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ሲደርስ ብዙ ሰው አይመልስም መስሎት «መሸጥ፥ መለወጥ» የሚሉትን ቃላት ሳያነብ ይፈርማል። ለካርድ ብሎ የሰጠው ውክልና ቤት ሊያሸጥ እንደሚችል የሚያውቀው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው።

ከእኛ በስተ ደቡብ ሻሸመኔ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ጥቁር ሕዝቦች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፈሩበት። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን አብዛኛውን አጡ። እነርሱ የኢትዮጵያዊ አያት ወረቀት ስለሌላቸው አዋጅ 270 አልሸፈናቸውም፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ አረጁ፤ ልጆችም ወለዱ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው «እኔስ በሁለት ወር ተማረርሁ» አሉ።

ካርዱ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የአሜሪካን ዜጋ ጡረታውን ኢትዮጵያ ተቀምጦ መቀበል ይችላል፤ ነገር ግን በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ ቅጽ በየጊዜው ይላክለታል፤ ካልመለሰ ክፍያው ይቋረጣል። ለሽማግሌዎች የተዘጋጀው የሕክምና መድን ደግሞ በጥቂት ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። ስለዚህ የሕመሙን ወጪ ከኪሱ የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ማስላት አለበት። ዜግነት ሳይወስድ በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የኖረው ጎረቤታቸው፥ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ምንም ካርድ ገባ፤ ነገር ግን ከዓመት በላይ ከቆየ የዚያኛውን አገር ፈቃድ ሊያጣ ይችላልና ዓይኑ ከቀን መቍጠሪያ አይነሣም።

የአዳማ አየር ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ስለሆነ፥ ከአዲስ አበባው 2,400 ሜትር ገደማ ይልቅ ለአሮጌ ልብ ይቀላል ይላሉ አጎቴ። ነፋሱና አቧራው ግን ያስመርራቸዋል። ወባም አለ፤ አርባ ዓመት ብርድ አገር የኖረ ሰውነት ደግሞ ወባን ረስቷል። ካርዱን በተቀበሉ ማግሥት ገበያ ወጥተው በመጀመሪያ የገዙት አጎበር ነበር።