የባድጂ ወፎች አያያዝና እርባታ፦ ወፏንም ራሳችሁንም ጠብቁ



ብዙዎቻችሁ በምትሠሩበት ቤት ልጆችንና አረጋውያንን ከመንከባከብ በተጨማሪ የወፎችም ኃላፊነት እንደሚጣልባችሁ የታወቀ ነው። ልጆቹ ወፎቹን አስገዝተው ያመጣሉ፤ ጥቂት ቀን ይደሰቱባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ምግቡም፣ ውኃውም፣ ጽዳቱም በእናንተ ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ጠዋት ወፏ ሞታ ብትገኝ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ባድጂ ስለምትባለው ትንሽ ወፍ አያያዝና እርባታ እናስረዳችኋለን። ወፏን የሚጎዱ ነገሮች የእናንተንም ጤና እንዴት እንደሚነኩ አብረን እንመለከታለን።

ባድጂ ምን ዓይነት ወፍ ናት?

ባድጂ የበቀቀን ዘመድ ናት። ከራሷ እስከ ጅራቷ ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ክብደቷም ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ትውልድ አገሯ አውስትራሊያ ነው። በዚያ ደረቅ ምድር ባድጂዎች በትልቅ መንጋ ሆነው ውኃና የሣር ፍሬ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ። ዝናብ ሲጥልና ሣሩ ሲያፈራ በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ጉልድ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ በሕይወት ወደ አገሩ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም በየቤቱ ተዛመቱ። የተፈጥሮ ቀለማቸው አረንጓዴና ቢጫ ሲሆን ሰማያዊው፣ ነጩና ግራጫው ሰው በማርባት ያገኘው ነው።

ይህን ያነሣነው አያያዛቸው ሁሉ ከዚሁ ስለሚመነጭ ነው። የመንጋ ወፍ ስለሆነች ብቸኝነት ይጎዳታል። የሣር ፍሬ ለቃሚ ስለሆነች ምግቧ ጥቃቅን እህል ነው። በዛፍ ጉድጓድ የምትወልድ ስለሆነች ደግሞ ለእንቁላሏ ጨለም ያለ ሣጥን ትፈልጋለች።

አንዳንዶቹ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ የሰው ቃል ይለምዳሉ። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረ ፓክ የተባለ ባድጂ እ.ኤ.አ. በ1994 እስኪሞት ድረስ 1,728 ቃላት ማወቁ በጊነስ የዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ተጽፏል።

መኖሪያዋና ቦታው

በዐረብኛ ቀፈስ የሚባለው የሽቦ ቤት ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ወፍ የምትበረው ወደ ጎን ነውና። የሽቦዎቹ ክፍተት ጭንቅላቷን የሚያሾልክ መሆን የለበትም። ለመቆሚያ ከሚሸጠው የላስቲክ ቆጥ ይልቅ ውፍረቱ የተለያየ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት የእንጨት ቅርንጫፍ ለእግሯ ይሻላል።

ቤቷ በአንድ በኩል ግድግዳ ቢኖረው፣ ከወለል ከፍ ቢልና የቤተሰቡ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ቢሆን ደስ ይላታል። ወጥ ቤት ግን በፍጹም አይሆንም። የኤሲ ንፋስ በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታም አይስማማትም።

በበጋ ወራት የሚያሳስበው በረንዳው ነው። ወፍ አታልብም። ጠዋት ጥላ የነበረው በረንዳ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሊያርፍበት ይችላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ጊዜ ደግሞ ጥላውም አያድናትም። ወፏ አፏን ከፍታ የምታለከልክና ክንፏን ከሰውነቷ አርቃ የምትይዝ ከሆነ ሙቀት እየጎዳት ነው። ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቧትና የሚጠጣ ውኃ አቅርቡላት። በበረዶ ውኃ ግን አትንከሯት።

ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ያስፈልጋታል። ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራ ከሆነ ቤቷን አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ በከፊል ሸፍኑላት። እንድትበር ከመልቀቃችሁ በፊት መስኮቱን፣ የበረንዳውን በርና የመጸዳጃ ቤቱን ዝጉ፤ የጣሪያውን ፋን አጥፉ፤ እሳት ላይ የተጣደ ነገር ያለበትን ክፍል እንዳትደርስበት አድርጉ።

ምግብና ውኃ

ዋና ምግቧ ዳጉሳ የሚመስል ድብልቅ ጥቃቅን እህል ነው፤ ለአንድ ወፍ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባድጂ እህሉን ፈልፍላ ፍሬውን ትበላና ገለባውን እዚያው ዕቃው ውስጥ ትተወዋለች። ከላይ ሲታይ ዕቃው ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገለባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወፎች ምግብ እያለ መስሎ በረሃብ የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዕቃውን በየጠዋቱ አንሥታችሁ ገለባውን ድፉና አዲስ እህል ጨምሩ።

ከእህል በተጨማሪ ታጥቦ በደንብ የተለቀለቀ ጎመን፣ ካሮትና ጥቂት ፖም ስጧት፤ የፖሙን ፍሬ ግን አውጡ። በምሽት ያልበላችውን አንሡ። በየሱቁ የሚሸጠው ነጩ የባሕር እንስሳ አጥንት ካልሲየም ስለሚሰጣት ከሽቦው ላይ ይታሰርላት። ውኃዋ በየቀኑ ይቀየር፤ ዕቃውም በየቀኑ ይታጠብ።

አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡናና አልኮል ለወፍ መርዝ ናቸው። ጨው የበዛበት ምግብም አይሰጣትም። ልጆቹ ከሳህናቸው እየቆረሱ ማጉረስ ስለሚወዱ ይህን ለእነርሱም ንገሯቸው።

አየሩ፦ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

የወፍ አተነፋፈስ ከሰው የተለየ ነው። ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች ስላሏት አየር ስታስገባም ስታስወጣም ንጹሕ አየር በሳንባዋ ያልፋል። ለመብረር የሚያስፈልጋትን ኃይል የምታገኘው በዚህ ነው። አየሩ ከተመረዘ ግን መርዙንም ከሰው ፈጥና ትወስዳለች። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ገደማ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነበር፤ ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ ፈጥነው ይወጣሉ።

ብዙዎቻችን ቴፋል የምንለው ምግብ የማይዝበት መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል ሽታው እምብዛም የማይታወቅ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ በሰው ላይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያመጣል። ወፏ ሌላ ክፍል ብትሆን እንኳ ልትሞት ትችላለች። መጥበሻውን ባዶውን አትጣዱ፤ ጥዳችሁም አትራቁ።

የነፍሳት መግደያ፣ የአየር ማሽተቻ፣ ሽቶ፣ የሲጋራና የሺሻ ጢስ ሁሉ ይጎዷታል። የእኛው ቡናና ዕጣንም እንደዚሁ ነው። ቡና ስትቆሉና ዕጣን ስታጨሱ፣ ማዳምም በኹር ስታጨስ፣ ወፏን ራቅ ወዳለ ክፍል አስገብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ መልሷት። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ደግሞ ለእናንተም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ክሎሮክስን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ወፏን ይገድላል፤ የእናንተንም ሳንባ ያቃጥላል። በዚህ ቤት አየር ወፏ ካልተስማማት ለእናንተም እንደማይስማማ ቁጠሩት።

ጽዳትና የእናንተ ጤና

ከወፎች ወደ ሰው የሚተላለፍ የበቀቀን ትኩሳት የሚባል በሽታ አለ። በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን የሚተላለፈውም ብዙውን ጊዜ የደረቀውን ኩስና የላባ ብናኝ በመተንፈስ ነው። ሁሉም ወፍ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ያለባት ወፍ ጤነኛ መስላ ልትታይ ትችላለች። ስለዚህ ስታጸዱ እንዲህ አድርጉ፦

– የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት አድርጉ።
– የደረቀውን ኩስ በውኃ ካረጠባችሁ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ወረቀት አንሡ። ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉት።
– ከሥር የሚነጠፈውን ወረቀት በየቀኑ ቀይሩ፤ ሳታራግፉ ጠቅልላችሁ ጣሉት።
– የወፏን ዕቃ ሰው ከሚበላበት ዕቃ ጋር አትጠቡ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ትኩሳት፣ ከባድ የራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ቢይዛችሁ ለሐኪሙ “ወፍ አጸዳለሁ” ብላችሁ መናገር አለባችሁ። በሽታው በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሐኪሙ ወፍ እንዳለ ካላወቀ ግን ተራ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

እንቁላልና ጫጩት

ወንዱን ከሴቷ የምትለዩት ከመንቆሩ በላይ የአፍንጫው ቀዳዳ ባለበት ቆዳ ነው። ያደገ ወንድ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ፣ ሴቷ ደግሞ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል። ሙሉ ለሙሉ ነጭ ወይም ቢጫ በሆኑት ላይ ግን ይህ ምልክት ላይሠራ ይችላል።

ለማርባት ሁለቱም ዓመት ገደማ የሞላቸውና ጤነኞች መሆን አለባቸው። ሣጥኑ የእንጨት ሆኖ ወለሉ ጎድጎድ ቢል እንቁላሉ አይንከባለልም፤ የጫጩቶቹም እግር አይንሸራተትም። ሴቷ በአንድ ቀን ልዩነት አንድ አንድ እያለች ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የምትታቀፈው እርሷ ናት፤ ወንዱ ምግብ እያመጣ ያጎርሳታል። ጫጩቶቹ ዕርቃናቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወጣሉ፤ በ10 ቀን ገደማ ዓይናቸው ይገለጣል፤ ከ30 እስከ 35 ቀን ባለው ጊዜ ከሣጥኑ ይወጣሉ። ከዚያም በኋላ አባታቸው ለጥቂት ቀናት ይመግባቸዋል፤ ራሳቸውን ችለው መብላታቸውን ሳታረጋግጡ አትለዩአቸው።

በዚህ ጊዜ የተቀቀለና የተፈጨ እንቁላል በየቀኑ ጥቂት ይጨመርላቸው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ይነሣ፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻልና። ሣጥኑን ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ሁለት ሴቶችን ከአንድ ሣጥን ጋር አታኑሩ፤ እስከ ሞት ይጣላሉ። በዓመት ከሁለት ዙር በላይ ማስወለድ እናቲቱን ያደክማታል፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይውጣ።

ወንድ የሌላት ሴትም እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንዲህ ያለው አይፈለፈልም። ቢሆንም እንዳያችሁት ወዲያው አትጣሉት፤ ሲወሰድባት ለመተካት ሌላ ትጥላለችና ሰውነቷ ያልቃል። ሰልችቷት እስክትተወው ድረስ አቆዩት።

እንቁላል የምትጥል ወፍ ከወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ተነፍታና ጅራቷን እያነቃነቀች ስታምጥ ካያችኋት እንቁላሉ ተይዞባታል ማለት ሊሆን ይችላል። ሞቅ ያለ ቦታ አድርጓትና ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም እንድትወሰድ ንገሩ።

ስትታመም

በዱር ያለች ወፍ ደካማ መስላ ከታየች አዳኝ ስለሚበላት ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ሲታይ ሕመሙ ብዙ ሄዷል። ላባዋን ነፍታ መቀመጥ፣ ቀን ቀን ማንቀላፋት፣ አለመብላት፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ከፍ ዝቅ ማለት፣ የኩሷ መቅጠን ወይም ቀለሙ መለወጥ፣ ከቆጧ ወርዳ ከወለል መቀመጥ ዋናዎቹ ናቸው። ይህን ያህል ትንሽ ፍጥረት ሳትበላ ብዙ አትቆይም፤ “ነገ አያታለሁ” አትበሉ።

በየጠዋቱ ውኃ ስትቀይሩ ለአንድ ደቂቃ ቆም ብላችሁ ተመልከቷት። የተለወጠ ነገር ካለ በዚያው ሰዓት ለማዳም ንገሩ፤ ከተቻለም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። ቋንቋው ቢያስቸግራችሁ “አል ዓስፉር መሪድ” (ወፏ ታማለች)፣ “ማ ያኩል” (አትበላም)፣ “ዶክቶር በይጠሪ” (የእንስሳት ሐኪም) ማለት ይበቃል። በጊዜው የተናገረች ሠራተኛ በኋላ “ለምን ዝም አልሽ?” ብትባል መልስ አላት።

ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ

የወፍ እንክብካቤ በየቀኑ ጊዜ ይወስዳል፤ ጫጩት ሲጨመር ደግሞ ሥራው ይበዛል። ማዳም ወይም ልጆቹ ሣጥን ለመግዛት ሲያስቡ እህሉን ማን እንደሚገዛ፣ ጫጩቶቹ የት እንደሚሄዱ፣ በዕረፍታችሁ ቀን ማን እንደሚያጸዳ አስቀድማችሁ በትሕትና ጠይቁ። ጓንትና የአፍ መሸፈኛ እንዲገዛላችሁም ጠይቁ። ስለ መጥበሻውና ስለ በረንዳው ሙቀት የምታውቁትን ወፏ ደህና ሳለች ንገሯቸው፤ ከሞተች በኋላ የሚነገር ሰበብ ይመስላል።