በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተሠራ ስሕተት ስለሚታወቅበት ምልክት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የአምቦ ከተማ ከምድር በሚወጣው ውሃዋ ስሟ ከታወቀ ዘመኑ ብዙ ነው። ይህ ውሃ በጠርሙስ ተሞልቶ መሸጥ ከጀመረ ከ90 ዓመት በላይ ሲሆነው፥ ክዳኑ በተነሣ ጊዜ አረፋ የሚያስነሣው በውስጡ ተጨምቆ የቆየው ጋዝ ነው። በዚያው አገር ለቤት ግንብ የሚፈለጠው የአምቦ ድንጋይም የአሸዋ ድንጋይ ስለ ሆነ፥ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። በምዕራብ ሸዋ የነዳጅ ዘይትና የነዳጅ ጋዝ ማውጫ ጉድጓድ ባይኖርም፥ ጋዝ በምድር ውስጥ ተጨምቆ እንደሚኖር፥ ድንጋይም በውስጡ ሊይዘው እንደሚችል ለማስረዳት ከአምቦ የቀረበ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። በ1960ዎቹ ዓመታት በኦጋዴን በካሉብ የተገኘው ጋዝ የተጠራቀመው በጥልቅ ምድር በሚገኝ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ የካሉቡ የሚነድ፥ የአምቦው ግን እሳት የሚያጠፋ መሆኑ ነው።

የጋዝ ጉድጓድ እንደ ውሃ ጉድጓድ ሰው ወርዶ የሚያየው አይደለም። ጥልቀቱ 2000 ወይም 3000 ሜትር ሲደርስ፥ ከታች በኩል ስፋቱ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም። ግድግዳው እንዳይፈርስ የብረት ቧንቧ ይገባበታል፤ በቧንቧውና በድንጋዩ መካከልም ሲሚንቶ ይፈስበታል። የቁፋሮ ዘንግ ከታች ተሰብሮ የቀረ እንደ ሆነ፥ ወይም የታችኛው ክፍል ጋዝ መስጠቱን ያቆመ እንደ ሆነ፥ ሌላ ጉድጓድ ከላይ መጀመር ብዙ ገንዘብ ይፈጃልና፥ ቧንቧውን ከመካከሉ በስቶ በጎን አዲስ መንገድ ማውጣት የተለመደ ጥበብ ነው። ለዚህም ረጅም የብረት ሽብልቅ በሚፈለገው ጥልቀት ይተከላል፤ ብረት የሚፈጨው መሣሪያም በሽብልቁ ተዳፋት እየተመራ በቧንቧው ጎን መስኮት ይከፍታል። የሽብልቁ ዘንበል 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ መስኮቱ ጠባብና ረጅም ነው።

የስሕተቱ ዓይነት ብዙ ነው። መሣሪያው ከሽብልቁ ላይ ጊዜው ሳይደርስ ከወረደ መስኮቱ አጭር ይሆናል፤ ከቧንቧው ሳይለይ ብረቱን እየተከተለ ቢወርድ አዲሱ መንገድ ከአሮጌው አይለይም፤ ሽብልቁን ራሱን ከፈጨ ደግሞ መሪውን አጠፋ ማለት ነው። ሽብልቁ በቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ የተተከለ እንደ ሆነ፥ ወይም ከቧንቧው ጀርባ ያለው ሲሚንቶ የላላ እንደ ሆነ፥ መሣሪያው እየዘለለ መስኮቱን ያጣምመዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን በማይደርስበት ጨለማ ነውና፥ ባለሙያው የሚፈርደው ወደ ላይ በሚመጡለት ምስክሮች ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር የቁፋሮው ጭቃ ነው። ጭቃው በዘንጉ ውስጥ ወርዶ በውጭ በኩል ሲመለስ የተፈጨውን ይዞ ይወጣል። ሥራው በደኅና የሄደ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ብረት፥ ቀጥሎ ብረትና ሲሚንቶ፥ ከዚያም ድንጋይ የተቀላቀለበት ይታያል፤ በመጨረሻም ብረቱ ጠፍቶ ድንጋዩ ይቀራል። መስኮቱ ያልቃል ከተባለበት ጥልቀት በታች ብረት መምጣቱን ካላቋረጠ፥ መሣሪያው አሁንም ከቧንቧው ጋር መሆኑ ይጠረጠራል። ነገር ግን ጭቃው በደቂቃ 40 ሜትር ቢወጣ፥ ከ2000 ሜትር ጥልቀት ለመድረስ 50 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ይህን ሳይቈጥር አሁን ያየውን ብረት አሁን የተፈጨ አድርጎ የሚጽፍ ሠራተኛ ራሱን ያታልላል፥ አለቃውንም ያሳስታል።

ሁለተኛው ምስክር ሚዛን ነው። ብረቱ በጭቃው መመለሻ ቦይ በተቀመጠ ማግኔት ተለቅሞ፥ ታጥቦ ይመዘናል። መስኮቱ 5 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 18 ሳንቲ ሜትር ስፋት፥ ቧንቧውም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፥ የሚፈጨው ብረት 85 ኪሎ ያህል መሆኑን ሂሳብ የሚያውቅ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። ከዚህ ውስጥ ከታች የሚቀር ድርሻ መኖሩ እርግጥ ነው። ቢሆንም 20 ኪሎ ብቻ ተመዝኖ «መስኮቱ አልቋል» የሚል ወረቀት ቢቀርብ፥ ወይ መስኮቱ አላለቀም፥ ወይ ብረቱ በጉድጓዱ ውስጥ ተከማችቷል፤ ሁለቱም ኋላ ዘንጉን አንቀው የሚይዙ ናቸው።

በአምቦና በጊንጪ ብረት የሚቈርጡ ባለሙያዎች የመቍረጫቸውን መደነዝ ከፍቅፋቂው መልክ እንደሚያውቁ፥ እዚህም ፍርፋሪው እንደ ፀጉር ቀጥኖ ሲመጣ ጥርሱ ደንዟል ወይም የተጫነው ክብደት አንሷል ይባላል። ሆኖም ሥራው የዘገየበት ጊዜ ሁሉ የስሕተት ምልክት አይደለም። የመሣሪያው እምብርት በቧንቧው ውፍረት ላይ ባረፈ ጊዜ መዘግየት የግድ ነው፤ የሚዞር ነገር ዳሩ ይፈጥናል እንጂ እምብርቱ በቦታው እንደ ቆመ መሆኑን የወፍጮ ድንጋይ ያየ ሰው ያውቀዋልና። በዚህ ሰዓት ቸኩሎ ክብደት መጨመር መሣሪያውን ከሽብልቁ ላይ ሊያስወርደው ይችላል።

የጉዳዩ ክብደት በቁፋሮው ስፍራ ብቻ አይቀርም። ምርትን በመካፈል ውል በሚሠራ ሥራ፥ ኩባንያው ያወጣው ወጪ አስቀድሞ ከምርቱ ላይ ይነሣለታል፤ የተበላሸ መስኮትን ለማቅናት የጠፋው ቀንና ገንዘብም በሂሳብ ገብቶ ተቀባይነት ካገኘ፥ የመንግሥት ድርሻ የሚሰላው ያ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚመረምረው ሹም መሐንዲስ ባይሆንም፥ የብረቱን ሚዛን ከነሰዓቱ፥ የሽብልቁን አቅጣጫ፥ የመሣሪያውንም ስፋት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ መጠየቅ ይገባዋል። አቅጣጫው በጂሮስኮፕ የተለካ መሆን አለበት፤ የማግኔት ኮምፓስ በብረት ቧንቧ ውስጥ አይታመንምና። መሣሪያው 3 ሚሊ ሜትር እንኳ ተበልቶ የወጣ እንደ ሆነ፥ የመስኮቱ የታችኛው ክፍል በዚያው ልክ ጠቧል፤ ሙሉ ስፋት ባለው ሌላ መሣሪያ ተመልሶ እስኪሰፋና ዘንጉ ሳይዞር፥ ሳይያዝም በመስኮቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ወደ ፊት መቈፈር አይፈቀድም።