ስለ ኔትወርክ ካርድና ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ስምምነት

ኦጎልቾ የሚለውን ስም ከአርሲ ውጭ ያለ አንባቢ ሰምቶት እንደ ሆነ፣ ይህ ምናልባት ከቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በወጣው የዳቦ ስንዴ ዝርያ ምክንያት ይሆናል እንጂ፣ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚያዘነብለው ሜዳ ስላለችው የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ተነግሮት አይመስለኝም። ዘሩ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን ከአፈሩና ከዝናቡ ጋር ካልተስማማ ፍሬ እንደማይሰጥ ለአርሲ ገበሬ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ኔትወርክ ካርድ የተባለው መሣሪያም ጠባዩ ይኸው ስለ ሆነ፣ እንዲህ ባሉ የወረዳ ከተሞች ኮምፒውተር ለረጅም ዘመን በሚያገለግልበት ቢሮና ትምህርት ቤት «ካርዱ ሞቷል» ተብሎ ከመጣሉ አስቀድሞ ስምምነቱ ሊመረመር ይገባል።

ኔትወርክ ካርድ ማለት ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያመላልሰውን መረጃ በኬብል ሊሄድ ወደሚችል ምልክት የሚለውጥ፣ የመጣለትንም መልሶ የሚፈታ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ባለ 48 ቢት አድራሻ የያዘ ሰሌዳ ነው። ጥንተ ነገሩ ኤተርኔት ሲሆን፣ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካልፍና ዴቪድ ቦግስ ጀመሩት። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱ ከ10 ሜጋቢት ወደ 100፣ ከ100ም ወደ 1,000 ቢያድግም፣ አዲሱ አሮጌውን እንዲታገሥ ሆኖ ስለ ተደነገገ፣ ፈተናው በኬብሉ በኩል እምብዛም አይደለም፤ ፈተናው ያለው ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኝበት በውስጠኛው ወገን ነው።

በመጀመሪያ የሚታየው ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩት ኮምፒውተሮች አይሳ የተባለውን ረጅም ጥቁር ስሎት ይዘው፣ ከ1992 በኋላ ነጩ ፒሲአይ፣ ከ2004 ገደማ ጀምሮም ፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለ ተተኩባቸው፣ የአንዱ ካርድ በሌላው አይገባም። በፒሲአይ ውስጥ እንኳ የ5 ቮልትና የ3.3 ቮልት ልዩነት አለና፣ በካርዱ ጥርስ ላይ ያለው ክፍተት ካልገጠመ ማስገደድ ሰሌዳውን መስበር ነው። በአይሳ ዘመን ደግሞ ሁለት መሣሪያዎች አንድ የአይአርኪው ቁጥር፣ ማለት ኮምፒውተሩን የሚጠሩበትን ቁጥር፣ ሊይዙ አይገባም ነበር፤ ብዙዎቹ የኤንኢ2000 ዓይነት ካርዶች ከሁለተኛው ሲሪያል ፖርት ጋር በቁጥር 3 ላይ እየተጋጩ ባለሙያውን ያደክሙት ነበር።

ካርዱ ገጥሞ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካላየው፣ ነቅሎ የወርቅ ቅብ ጥርሱን በለስላሳ ላጲስ ጠርጎ፣ ስሎቱንም ከአቧራ አጽድቶ፣ ሌላም ስሎት ካለ እዚያ ሰክቶ መሞከር ነው። ቆላ ላይ አቧራው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ይህን ምክር አይንቅም።

ካየው በኋላ ግን የድራይቨር፣ ማለት ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ነገር ይመጣል፤ አድካሚውም ይህ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ አርቲኤል8139 የተባለውን ርካሽና በየቦታው የተበተነ ቺፕ ከነድራይቨሩ የሚያውቀው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን አብዛኞቹን የጊጋቢት ቺፖች አያውቃቸውም። ድራይቨሩ ያለው ኢንተርኔት ላይ፣ ኢንተርኔት የሚገኘውም በድራይቨሩ ስለ ሆነ፣ ከሌላ ኮምፒውተር በፍላሽ ከማምጣት በቀር መንገድ የለም። ፍለጋው በሣጥኑ ላይ ባለው የነጋዴ ስም ሳይሆን በቺፑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይሁን፤ የ32 ቢት ዊንዶውስም የ64 ቢት ድራይቨር አይቀበልም።

ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የዊንዶውሱ ለመለየት ከሁሉ የምመርጠው፣ ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፋንታ ከሲዲ ላይ በሚነሣ ሊኑክስ በተባለ ሥርዓት ማስነሣት ነው። በሊኑክስ ከሠራ ካርዱ ጤነኛ ነው፤ የቀረው የድራይቨር ጉዳይ ነው።

ሠርቶም እጅግ የሚዘገይ ካርድ አለ። ካርዱ በእጅ «ፉል ዱፕሌክስ» (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) ተብሎ ተወስኖ፣ ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ስዊቹ ወደ «ሃፍ» (በየተራ) ስለሚወርድ መልእክቶቹ ይጋጫሉ፤ ሁለቱንም «አውቶ» ላይ ማድረግ ይበቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ላለው ኮምፒውተር የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚ መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም የቀድሞው ዩኤስቢ 1.1 ከ12 ሜጋቢት አያልፍምና፣ ደብዳቤና ሪፖርት ለመላክ እንጂ ቪዲዮ ለማየት አይታሰብ።