በመሣሪያ ርዳታ ለሚሰሙ ልጆች ስለ ዋና ጥንቃቄ

ውኃ ለሰው ልጅ የሕይወት መሠረት ነው። ሲጠጡት ጥማትን ያረካል፤ ሲታጠቡበት እድፍን ያነጻል፤ ሲዋኙበት ሰውነትን ያጠነክራል። ዳሩ ግን ያልተጠነቀቀውን ሰው ሳያስጠነቅቅ ይወስደዋል፤ አባቶችም «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ይህን አይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ዓመት በዓለም ሁሉ 300,000 የሚያህሉ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚያህሉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ልጆች ዋናን በሥርዓት ቢማሩ ጥቅሙ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ነፍስንም የሚያድን ትምህርት ነው።

ከልጆችም መካከል በውኃ አጠገብ የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው አሉ። እነርሱም ኮክሌር ኢምፕላንት በሚባል መሣሪያ ርዳታ የሚሰሙት ናቸው። ስለ እነዚህ ልጆች ሰዎች ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። ፊተኛው ስሕተት በራሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ይበላሻል በማለት ልጁን ከውኃ ጨርሶ መከልከል ነው። ሁለተኛው ስሕተት መሣሪያውን አውልቀው ካስቀመጡ በኋላ ጥንቃቄው ሁሉ እንደ ተፈጸመ ቈጥረው ልጁን ከሌሎቹ ጋር እንዲሁ መልቀቅ ነው። ፊተኛው ልጁን ከባልንጀሮቹ ደስታ ይለየዋል፤ ሁለተኛው ግን ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ይህ መንቀጥቀጥ በጤነኛ ጆሮ ታምቡርና በትንንሾቹ አጥንቶች አልፎ፥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው ወደ ውስጠኛው ክፍል ይደርሳል። በዚያም ያሉት ረቂቃን ጠጕር መሳይ ሕዋሳት ለነርቭ ያስተላልፉታል፤ ነርቩም ለአንጐል ያደርሰዋል። ብዙ ጊዜ መስማት ጨርሶ የሚጠፋው እነዚህ ሕዋሳት ሲጐዱ ነው፤ ነርቩ ደኅና ከሆነ ግን በኤሌክትሪክ ኀይል ሊቀሰቀስ ይችላል።

ይህንንም በ1957 ዓመት በፓሪስ ከተማ አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪየስ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በሥራ አሳዩ። በ1978 ዓመትም በአውስትራልያ አገር በሜልበርን ከተማ ፕሮፌሰር ግሬም ክላርክ ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉበትን መሣሪያ በሰው ጆሮ ውስጥ ተከሉ። በ1990 ዓመት የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች እንዲተከል ፈቀደ። እስከ 2022 ዓመት ድረስ በዓለም ላይ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ መሣሪያዎች ተተክለዋል።

መሣሪያው በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል በቀዶ ጥገና ከጆሮ በስተኋላ ከቆዳ በታች የሚቀመጠው ነው፤ ከእርሱም የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይገባል። ሁለተኛው ክፍል በውጭ የሚታየው ሲሆን፥ ድምፅን የሚቀበል ማይክሮፎን፥ ድምፁን የሚተረጕም ፕሮሰሰርና ባትሪ አሉት። ከእርሱም ጋር የተያያዘው ክብ አንቴና በማግኔት ኀይል በራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። የውስጠኛው ክፍል የራሱ ባትሪ የለውም፤ ኀይሉንም ድምፁንም የሚቀበለው ከውጭው ክፍል ነው። ስለዚህ የውጭው ክፍል በወለቀ ጊዜ የውስጠኛው ሥራውን ያቆማል፤ ቀሪ የመስማት ኀይል ከሌለውም ልጁ ወደ ፍጹም ጸጥታ ይመለሳል።

ውኃ የሚጐዳውና የማይጐዳው

የውስጠኛው ክፍል ውኃ በማያስገባ አሠራር የተዘጋ፥ በቆዳም የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ መታጠብም ሆነ መዋኘት አይጐዳውም። ነገር ግን የቀዶ ጥገናው ቍስል ፈጽሞ እስኪድንና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ልጁ ወደ ውኃ ሊገባ አይገባውም። ከዚያም በኋላ ቢሆን የውስጠኛውን ክፍል የሚያሰጋው ውኃው ሳይሆን ራስን የሚመታ ነገር ነው። ስለዚህ ከቋጥኝ ላይ በራስ ተወርውሮ መግባት፥ በውኃ ውስጥም መታገልና መጋፋት ለእንዲህ ያለ ልጅ የተከለከለ ይሁን።

የውጭው ክፍል ግን ውኃን ይፈራል። በብዙዎቹ ላይ አይፒ የሚል ምልክትና ሁለት አኃዞች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሁለተኛው አኃዝ ስለ ውኃ የሚናገር ነው። 7 ቢሆን በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውኃ እንዳይጐዳው ተፈትኗል ማለት ነው፤ 8 ቢሆን ሠሪው እስከ ወሰነው ጥልቀትና ጊዜ ድረስ ከዚያ የሚበልጠውን ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚደረገው በንጹሕና በረጋ ውኃ ስለ ሆነ፥ ዝናብንና ላብን የሚችል መሣሪያ ሁሉ ለዋና የተሠራ አይደለም። ለዋና የሚሆነው ሠሪው ራሱ ለዚህ ያዘጋጀው ውኃ የማያስገባ መሸፈኛ ሲኖር ነው። መሸፈኛውም ከመግባት በፊት እንዳልተቀደደ ይመርመር፤ መሣሪያው እንዳይወድቅ በክር ከልብስ ጋር ይታሰር፤ ከዋናም በኋላ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

መሸፈኛ የሌለው ልጅ ወደ ውኃ ከመግባቱ በፊት የውጭውን ክፍል አውልቆ በደረቅ ሳጥን ውስጥ ያኑር፤ ሳጥኑንም የሚጠብቅ አንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ይህ ዕቃ በመንደር ገበያ የሚገኝ አይደለምና፥ በድንጋይ ላይ ወይም በልብስ መካከል ሊተው አይገባም። ድንገት ውኃ ቢገባበት ባትሪው ይውጣ፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ፤ በማድረቂያው ሳጥን ውስጥም ይቈይ። በእሳት ዳር ወይም በብርቱ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ግን ፈጽሞ ያበላሸዋል።

ዋነኛው አደጋ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ዕቃን ስለ መጠበቅ ነው። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ግን የልጁ ሕይወት ነው። ውኃ ወደ መሣሪያው በመግባቱ የሚመጣው ጉዳት በገንዘብ ይተካል፤ ድምፅ ወደ ልጁ ባለ መግባቱ የሚመጣው ጉዳት ግን ምትክ የለውም።

ለምሳሌ ያህል በክረምት መግቢያ ልጆች በወንዝ ውስጥ ሲጫወቱ፥ በላይኛው አገር ዝናብ ዘንቦ ደራሽ ውኃ ይመጣል እንበል። የሚሰሙት ልጆች የጐርፉን ጕምጕምታና የእረኛውን ጩኸት ሰምተው ወደ ዳር ይሮጣሉ። መሣሪያውን አውልቆ የገባው ልጅ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ከሆነ ምንም አይሰማም፤ የባልንጀሮቹን መውጣት የሚያውቀው ዘወር ብሎ ባየ ጊዜ ብቻ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት በክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይል የነበረው ይኸው ልጅ ስለ ሆነ፥ በዳር የቆሙት ሰዎች አሁን እንደማይሰማ ይዘነጉታል። አደጋውም የሚከፋው በዚህ መዘንጋት ነው። መሸፈኛ ያለው ልጅም ቢሆን በመሸፈኛው ውስጥ ድምፁ ይደክምበታል፤ በውኃው ግፊትም አንቴናው ከራሱ ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ልጅ በውኃ ውስጥ ሳለ እንደማይሰማ ተቈጥሮ ይጠበቅ።

ሁለተኛውም አደጋ ሰውነትን ስለሚያስተካክለው ስለ ሚዛን ነው። የሚዛን ሕዋስ የሚገኘው በውስጠኛው ጆሮ ከመስማት ሕዋስ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ እንደ ማጅራት ገትር ያለ መስማትን ያጠፋ በሽታ ብዙ ጊዜ ሚዛንንም ይጐዳል። እንዲህ ያለው ልጅ በየብስ ላይ በዓይኑና በእግሩ መርገጫ እየተመራ በደኅና ይሄዳል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ግን ዓይኑ አያይም፤ እግሩም የሚረግጠው አያገኝም፤ ወደ ላይ ሲወጣ የመሰለው ልጅ ወደ ታች ሊሄድ ይችላል። በሕፃንነቱ ዘግይቶ የተራመደ፥ ወይም በጨለማ ሲሄድ የሚንገዳገድ ልጅ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ሊሆን ስለሚችል፥ ሐኪም እንዲመረምረው ያስፈልጋል።

አስተማሪው ሊያደርገው የሚገባ

የሚዋኙበት ስፍራ ይመረጥ። ውኃው የጠራ፥ ያልጠለቀ፥ የረጋ፥ ከአዞና ከብልሃርዝያ የራቀ ይሁን። ሰማዩ ሲጠቍር ልጁ ነጐድጓዱን አይሰማምና፥ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ከውኃው እንዲወጣ ይደረግ።

ትምህርቱ በየብስ ላይ ይጀመር። ልጁ መሣሪያውን አድርጎ በሚሰማበት ጊዜ፥ በውኃ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ በቃልና በማሳየት ይነገረው። ከዚያም በኋላ ጥቂት ምልክቶች ይወሰኑ። የተዘረጋ እጅ ወደ ላይ ሲነሣ «ቁምና ተመልከት» ማለት ይሁን፤ እጅ ወደ ዳር ሲያመለክት «ውጣ» ማለት ይሁን፤ እጅ በደረት ላይ ሲቀመጥ «ደኅና ነህን?» ማለት ይሁን፤ ልጁም እጁን በደረቱ ላይ አኑሮ ይመልስ። እነዚህን ምልክቶች ያ ልጅ ብቻ ሳይሆን የክፍሉ ልጆች ሁሉ ይማሯቸው።

ልጁ ጥቂት በዋኘ ቍጥር ወደ አስተማሪው መመልከትን ይልመድ። አስተማሪውም ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ አይቁም፤ ፊቱና እጁ በጥላ ተሸፍነው አይታዩምና። ለልጁም አንድ የሚሰማ ባልንጀራ ይመደብለት፤ ባልንጀራውም ከእርሱ ሳይርቅ ይዋኝ፤ የአስተማሪው ጥሪ ሲመጣ ትከሻውን ነክቶ ያሳየው። ይህ ባልንጀራ ግን ልጅ ስለ ሆነ የጠባቂነት ሸክም አይጫንበት፤ ዋና በደንብ የሚያውቅ አንድ ጐልማሳ እጁን ቢዘረጋ ልጁን ሊይዘው በሚችልበት ስፍራ ሁልጊዜ ይኑር። የደፈረሰ ውኃ ውስጥ መጥለቅ ግን ለዚህ ልጅ ጨርሶ አይፈቀድ።

በዳርም ረጅም በትር፥ ገመድና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይዘጋጁ። የሚሰማ ሰው ሲሰጥም ገመድ ጥለው «ያዝ!» ይሉታል፤ ይህን ልጅ ግን ቃል አያዝዘውም። ስለዚህ ገመዱ ከኋላው ሳይሆን በዓይኑ ፊት እንዲወድቅ፥ ወይም ገላውን እንዲነካ አድርጎ መጣል ያስፈልጋል። ከውኃም ከወጣ በኋላ ሲጠሩት ባይመልስ ነፍሱን እንደ ሳተ ወዲያው መፍረድ አይገባም፤ ቢመልስም ባይመልስም ትከሻውን በመንካትና ትንፋሹን በመመልከት ይመርመሩት።

ከዋና በኋላ ጆሮውና ጠጕሩ በደንብ ከደረቁ በኋላ መሣሪያው ይመለስለት። ኮክሌር ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ከሌሎች ይልቅ ለማጅራት ገትር የተጋለጡ ስለ ሆኑ፥ ሐኪም ያዘዘላቸውን ክትባት መፈጸም ያስፈልጋል። ትኵሳት፥ ብርቱ የራስ ምታት፥ የአንገት መድረቅ ወይም የጆሮ ሕመም ቢታይ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።

በመንደር ትምህርት ቤቶች ይህ መሣሪያ ያለው ልጅ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያ የሌላቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች ግን በብዙ ስፍራ ይገኛሉ። በዚህ የተጻፈው የምልክት፥ የባልንጀራና የገመድ ሥርዓት ለእነርሱም እንዲሁ የሚጠቅም ነው። ሥርዓቱ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው አስቀድሞ ማሰብን ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለ፥ ምልክቱ ልጁ ወደ ውኃ ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት ይጠና። ጆሮው በውኃ ዳር ሲቀር ባልንጀሮቹና አስተማሪው ዓይናቸውንና እጃቸውን ጆሮ ያደረጉለት ልጅ፥ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ዋኝቶና ተደስቶ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።