የላንድክሩዘር አምስት ዘይቶች

ጋራዥ ገብቶ «ዘይት ቀይሩልኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው የሞተሩን ዘይት ነው። እንደ ላንድክሩዘር ያለ በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ግን አምስት የዘይት ቤት አለው፦ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው ጀርባ ተቀምጦ ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈር፣ የኋላው ዲፈረንሻልና የፊቱ ዲፈረንሻል። ሞተሩ የዘይት ግፊት ሲጎድለው ቀይ መብራት አብርቶ ይናገራል፤ መለኪያ ዘንግም አለው። የቀሩት አራቱ መብራት የላቸውም። መኪናው ሥር ገብቶ ብሎናቸውን የሚፈታ ካልተገኘ ስለ ጤናቸው ማንም አያውቅም። እነሱም የሚናገሩት ጥርሳቸው ከተበላ በኋላ፣ በጩኸት ነው።

ምሳሌዬ በገጠር መንገዶቻችን ላይ ጤና ባለሙያውንም፣ የእርዳታ ሠራተኛውንም፣ ቱሪስቱንም ሲያመላልስ የኖረው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ ይህን ተከታታይ ያወጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከ1990 ወዲህ ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ዋን ኤች ዜድ የተባለው፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። እንዲህ ያለ ታጋሽ ሞተር ያለው መኪና ባለቤቱን ያዘናጋል። ቸል ቢሉትም ለረጅም ጊዜ ይሄዳል፤ ሲቆም ግን ዋጋው ከባድ ነው።

በየስንት ጊዜ ይቀየር? ለናፍጣ ሞተር በእኛ አገር የተለመደው ልክ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ፊልትሮው አብሮ ይለወጣል። ፊልትሮ ሲደፈን በውስጡ ያለች ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ያልፋል፤ ስለዚህ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ላይ መቅዳት ገንዘብ መጣል ነው። የካምቢዮ፣ የትራንስፈርና የሁለቱ ዲፈረንሻሎች ዘይት ለቀላል አገልግሎት በ40,000፣ ለከባድ አገልግሎት በ20,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ካለ የሚታመነው መጽሐፉ ነው። ጭነት፣ አቧራ፣ ዳገትና ጭቃ የዘወትር ሥራቸው የሆኑ መኪኖች ሁሉ ከከባዱ ወገን ናቸው፤ ከአስፋልት የሚወጣ የአገራችን ላንድክሩዘር በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ይመደባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን የቁጥሩ ምንጭ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያውቀው ጎማው የሄደበትን መንገድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ የሠራውን ሥራ አያውቅም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 5,000 የሞላ መኪና ሞተሩ የሠራው 100 ሰዓት ነው። በሰዓት 20 እየተጎተተ፣ ድንጋይ እየመረጠ ያንኑ 5,000 የሞላው ደግሞ 250 ሰዓት ሠርቷል። የሁለቱም ቆጣሪ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ ዘይታቸው ግን አንድ አይደለም። አለቃ ስብሰባ እስኪጨርስ ሞተር አስነስቶ በር ላይ የሚጠብቅ ሹፌር ሦስት ሰዓት ዘይቱን ሲያስረጅ ቆጣሪው አንድ ሜትር እንኳ አይጨምርም። በትራንስፈሩ ከባድ ማርሽ ጭቃ የሚወጣ መኪናም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሞተሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይዞራል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የከረመ መኪና 5,000ን መጠበቅ የለበትም፤ 3,000 ላይ ቢቀየርለት ብክነት አይደለም።

ዘይት የሚያረጀው ስለቀጠነ ብቻ አይደለም። ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይገባል። በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል። ዘይት ሲፈበረክ የሚጨመሩለት ቅመሞች ጥላሸቱን አንጠልጥለው ይይዙታል፣ አሲዱንም ያረክሱታል፤ ቅመሙ ሲያልቅ ዘይቱ ገና ሙሉ ቢመስልም ሥራውን አቁሟል። ብዙ ሰው በሁለት ጣቱ መሀል አሽቶ «ጠቁሯል፣ ይቀየር» ወይም «ገና ነው» ይላል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ መጥቆሩ ጥላሸቱን እየሰበሰበ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ጣት የአሲዱን መጠን አይለካም። ይልቅ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘንጉ ላይ የሚታየው ከፍታ ብዙ ይናገራል። ዘይቱ መጨመሩ ከመቀነሱ ይልቅ ያስፈራል፤ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ውኃ እየገባበት ሊሆን ይችላልና።

ስለ አይነቱ በአጭሩ፦ ጣሳው ላይ ሲ ብሎ የሚጀምረው ደረጃ ለናፍጣ፣ ኤስ ብሎ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው። 15/40 ከአዲስ አበባ ብርድም ከቆላ ሙቀትም ጋር ይስማማል። የጥርስ ዘይት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዲፈረንሻል ጥርሶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ስለሚጫኑ ጠንካራው ጂ ኤል 5 ይገባቸዋል። ይኸው ዘይት አንዳንድ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ግን በውስጡ ያለው የድኝ ቅመም ማርሽ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል፤ እዚያ ጂ ኤል 4 የሚታዘዘው ለዚህ ነው። «ሁሉም የካምቢዮ ዘይት ነው» ብሎ ከአንድ ጀሪካን ለሁሉም መቅዳት ልማድ ሆኗል፤ መጥፎ ልማድ ነው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ዓመት ከቱርሚ ወጣ ብሎ ያለ ወንዝ ተሻገርን። ውኃው ከጎማው እምብርት በላይ ነበር፤ ተሻግረንም ደስ ብሎን ጉዟችንን ቀጠልን። ሁለት ወር ቆይቶ ከኋላ በኩል የሚያፏጭ ድምፅ መጣ። አዲስ አበባ ስመለስ አንድ አሮጌ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። የኋላውን ዲፈረንሻል ብሎን ፈታና ሳፋው ውስጥ የወረደውን አሳየኝ፤ ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት አረፋ።

«ይሄ ዘይት ነው እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

«ማኪያቶ ነው ልጄ» አለኝ። «ወንዝ ገብተህ ነበር?»

ከዚያ አስረዳኝ። ረጅም መንገድ የሄደ ዲፈረንሻል ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ይለጠጣል። እንደጋለ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር አየሩ ባንዴ ይኮማተርና ውጭ ያለውን ይስባል። አየር የሚተነፍስባት ትንሽ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነች የሚስበው በዘይት ማገጃው ጎማ በኩል ውኃውን ነው። ውኃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታን ያዝጋል። ወንዙን በተሻገርን ማግስት ብሎኑን ፈትቼ ባየው ኖሮ ወጪዬ የጥቂት ሊትር ዘይት ብቻ ይሆን ነበር። እኔ ግን ኩሽኔታዎቹንም ጥርሶቹንም ገዛሁ። ጥልቅ ውኃ የገባ መኪና ኪሎ ሜትሩ ቢሞላም ባይሞላም ሁለቱም ዲፈረንሻል፣ ትራንስፈሩና ካምቢዮው ይታዩለታል። መሻገር ግድ ሲሆን ደግሞ፣ ቦታው ከፈቀደ፣ ወንዙ ዳር ቆም ብሎ ማብረድ ይጠቅማል።

ያው መካኒክ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ። የዲፈረንሻል ዘይት ሲቀየር መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ብሎን እንጂ የማፍሰሻው አይደለም። ለዓመታት ያልተነካ የመሙያ ብሎን ዝጎ እምቢ ሊል ይችላል፤ አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ እምቢ ካለ መኪናው በባዶ ዲፈረንሻል ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ከማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። በላዩ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ብናኝ ቢገኝ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ዘይት ቀይሮ መሸኘት አይበቃም፤ ይከፈት። አዲሱ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ መልሶ እስኪፈስ ይሞላል።

በዘይት ለውጡ ቀን መኪናው ሥር ከተገባ አይቀር ግራሶውም ይሰጥ። የማስተላለፊያ ዘንጎቹ መስቀሎች የግራሶ ጡት አላቸው፤ ከጭቃና ከውኃ በኋላ ደግሞ 5,000 አይጠበቅላቸውም። የፊቱን ጎማዎች ጎታች ማርሽ ወራት ሙሉ የማይነካ ሰው ደግሞ «አልተጠቀምኩበትም፣ አላረጀም» ብሎ ይጽናናል። ጥርሶቹ ካልዞሩ ዘይቱ ገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ ያሉት ጥርሶችና የማገጃ ጎማዎች ይደርቃሉ። የቶዮታ መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል በአራቱም ጎማ ይነዳ የሚለው ለዚህ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አይሆንም፤ ፒስታ ይመረጥለት።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ኪስ ውስጥ ደብተር አኖራለሁ። በአምስት ዓምድ አምስቱን ቤቶች ጽፌያለሁ፤ በየረድፉ ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የተቀዳው የዘይት አይነት አለ። በስተቀኝ ጠርዝ ስድስተኛ ጠባብ ዓምድ አለች። እሷ ላይ የሚጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ወንዝ»።