የዋግ ኽምራ እንሽላሊቶችና አኗኗራቸው

በሰቆጣና በአካባቢዋ እንሽላሊት ያላየ ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን በድንጋይ ከማባረር አልፎ ጠባዩን የሚመረምር ጥቂት ነው። ይህም የሚሆነው መርዝ አለው እየተባለ ስለሚፈራ ነው።

የእንሽላሊት ሰውነት እንደ ከብት ሰውነት ከውስጡ በቂ ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀቱን ከፀሐይና ከጋለ ድንጋይ ይቀበላል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ሌሊቷ ብርድ ነው። ስለዚህ ማለዳ በካብ ላይ ተዘርግቶ የሚታየው እንሽላሊት ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሳይሞቅ መሮጥም ሆነ የበላውን መፍጨት ስለማይሆንለት ነው።

ዓይነታቸው ብዙ ቢሆንም ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ የካብና የገደል እንሽላሊት። ቆዳው ሻካራ ነው፤ ወንዱ በመራቢያው ወራት ራሱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ራሱንም እየነቀነቀ ሌላውን ወንድ ያስፈራራል። ምግቡ ጉንዳን፥ ጥንዚዛና ፌንጣ ነው።

2ኛ/ የግድግዳ እንሽላሊት። በሌሊት ወጥቶ የእሳት ራትና ትንኝ ያድናል። በጣቶቹ ሥር እጅግ ረቂቅ ጠጕር ስላለው ከግድግዳ አይወድቅም። ጠላት ጅራቱን ቢይዘው ቈርጦት ይሸሻል፤ ጅራቱም እንደገና ይበቅላል።

3ኛ/ እስስት። መልኳን የምትለውጠው ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ስትቈጣና ሙቀት ስትፈልግም ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት የኢትዮጵያ ደጋ እስስት እንቍላል አትጥልም፤ ልጆቿን በሆዷ ይዛ ፀሐይ እየሞቀች ታሳድግና ትወልዳለች። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ የተቀበረ እንቍላል እንዲህ ያለ ሙቀት ባላገኘም ነበር።

4ኛ/ አርጃኖ። ይህ የቈላ ወንዝ ዳር ነዋሪ ነው፤ ዓሣ፥ እንቍራሪትና የወፍ እንቍላል ይበላል። ሴቲቱ የምስጥ ኩይሳ ቈፍራ እንቍላሏን ትጥላለች፤ ምስጦቹም ቀዳዳውን መልሰው ሲደፍኑት የኩይሳው ሙቀት እንቍላሉን ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ከፍርሃታችን የቱ እውነት ነው? በመርዙ ሰው የሚገድል እንሽላሊት በአገራችን የለም፤ በመርዛቸው የታወቁት በሜክሲኮና በአሜሪካ በረሃ ይኖራሉ። አርጃኖ ግን ከተያዘ ይነክሳል፥ በጅራቱም ይገርፋል፤ ስለዚህ አለመንካት ይበጃል። የቀሩት በማሳችን ዳር ነፍሳትን ሲለቅሙ ይውላሉ። የአንበጣን መንጋ ያቆማሉ ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ልጆች በድንጋይ የሚገድሉት እያንዳንዱ እንሽላሊት ገበሬው ደመወዝ የማይከፍለው አንድ ጠባቂ መሆኑን ልናስተምራቸው ይገባል።